ሳነቴ ላይ መሮጥ፦ ከጅማ የምንነሳ ሯጮች ምን እናስብ?

የጅሬን ዳገት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ከፈረንጅ አራዳ ተነስተን እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ የጅሬንን ዳገት የምንሮጥ ልጆች፣ ታኅሣሥ ላይ ባሌ ለመሄድ ተነጋግረናል። ሐሳባችን የሳነቴን አምባ በሩጫ ማየት ነው። ከመካከላችን አንዳንዱ ከጎባ ተነስቶ አምባውን አቋርጦ ሐረና ደን ውስጥ እስካለችው ሪራ ልሩጥ ይላል። ሌላው ቱሉ ዲምቱን (4,377 ሜትር) ወጥቶ መውረድ ይበቃናል ባይ ነው።

እኔን ሁለት ነገር አሳስቦኛል። አንደኛው ከፍታው ነው፤ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ናት፣ ሳነቴ 4,000። ሁለተኛው ቦታው የቀይ ቀበሮ ቤት መሆኑ ነው። ሳነቴ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ነው፤ በፓርኩ ውስጥ መሮጥ ይቻላል ወይ? ከተቻለስ እንዴት ብንሮጥ ነው ያንን አገር የማንጎዳው? የሄደም፣ የሚያውቅም ይምከረን።

አዌቱ ማዶ

እኔም ልሂድ እያልኩ የቆየሁበት ጉዳይ ስለሆነ መልሱን በጉጉት እጠብቃለሁ። በበኩሌ ግን አምባውን ማቋረጥ የሚለውን ተዉት። መጀመሪያ አገሩን እዩት።

የሮቤ ሰው

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስለተማርኩ ጅሬንን በደንብ አውቀዋለሁ፤ አሁን ኑሮዬ ሮቤ ነው። እንኳን አሰባችሁ፣ ኑልን።

ፈቃዱን በሚመለከት፦ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ዲንሾ ነው። እዚያ ገብታችሁ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ አስጎብኚና ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ትይዛላችሁ። ዋናው ነገር ግን ሩጫ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። ለእግር ጉዞ ብላችሁ ገብታችሁ መሮጥ ብትጀምሩ አብሯችሁ የሚሄደውን ሰው ነው ችግር ላይ የምትጥሉት፤ እሱ ጠመንጃ ይዞ፣ ካፖርት ለብሶ ሊከተላችሁ አይችልም። ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ግን መላ ይገኛል። ባሌ የፈረስ አገር ነው፤ ስካውቱ በፈረስ ሊሄድ ይችላል፣ ወይም መኪናችሁ ቀስ እያለ ይከተላችኋል።

ስለ መንገዱ፦ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን ሰንጥቆ ያልፋል። አፍሪካ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ መኪና ከሚሄድባቸው መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነው ይባላል። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ሲወጣ መጀመሪያ ጽድና ኮሶ፣ ቀጥሎ አስታ፣ ከዚያ በኋላ ዛፍ የሚባል አታዩም። ጓሳ፣ ድንጋይ፣ ትንንሽ ኩሬዎችና እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ጅብራ ብቻ። ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ የሚወጣ የመኪና መንገድም አለ፤ ስለዚህ ጫፉን ለማየት ከመንገድ መውጣት አያስፈልጋችሁም።

በደቡብ በኩል አምባው በድንገት ያበቃና ወደ ሐረና ይወርዳል። ለጅማ ሰው ይህ ቁልቁለት ልዩ ነው፤ እታች ስትደርሱ ጫካው ውስጥ የበቀለ የዱር ቡና ታገኛላችሁ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ብርዱን አትናቁት። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል፣ ሌሊት ውርጭ ነው። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የተመዘገበበት ቦታ ነው። በላብ የራሰ የጥጥ ቲሸርት ለብሳችሁ ነፋሱ ላይ ብትቆሙ በደቂቃዎች ውስጥ ትንቀጠቀጣላችሁ። ቶሎ የሚደርቅ ልብስ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ጓንት፣ ኮፍያ ያዙ። ስልክ በየቦታው ስለማይሠራ የምትመለሱበትን ሰዓት ለሾፌሩ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሲስተር ከኮቺ

ከሕክምናው በኩል ልጨምር፤ ሥራዬ ስለሆነ ረዘም ቢል ታገሡኝ።

ጅማ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 ከመቶ በትንሹ የሚበልጥ ነው። 4,000 ሜትር ላይ ወደ 60 ከመቶ ይወርዳል። ሲሰላ፣ ሳነቴ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን ጅማ ላይ ከለመዳችሁት ሩብ ያህል ይጎድለዋል። ልብ ይህን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ይህ ጤናማ ምላሽ ነው። የከፍታ በሽታ የሚጀምረው ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከምግብ መጥላት፣ ከድካምና ከማዞር ጋር ሲመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ወዲያው አይታይም፤ ከደረሳችሁ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ይመጣል። ለዚህ ነው ጠዋት ጥሩ የሮጠ ሰው ማታ ድንኳን ውስጥ የሚወድቀው።

ሰው ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው አንጎሉ ወይም ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ይረፍ፣ ሻይ ይጠጣ፣ ነገ ይሻለዋል የሚባል ነገር የለም። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ታች ይወሰድ። ሳነቴ ላይ መኪና ያለው መንገድ መኖሩ ትልቅ ዕድል ነው፤ ስለዚህ መኪናው ከእናንተ አይራቅ።

መከላከያው ጊዜ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። ጎባ ወይም ዲንሾ እያደራችሁ ቀን ቀን ወጣ ብላችሁ መመለስ ትችላላችሁ፤ ቀን ከፍ ብሎ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ለሰውነት ይስማማዋል። በደረሳችሁበት ቀን አትሩጡ። ዲያሞክስ የሚባለውን ኪኒን ለመከላከያ የሚወስዱ አሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን አትጀምሩት፣ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ የደም ማነስ ያለበት ሰው ከመነሳቱ በፊት ይመርመር።

ፈጣን እግር

ምክሩን አከብራለሁ፣ ግን ነገሩን ያከበድነው አይመስላችሁም? የአትሌቲክስ አገር ልጆች ነን። ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ፣ ደራርቱ ከበቆጂ ነው የወጡት፤ ከፍታ ኢትዮጵያዊን ምን ያደርገዋል? እኔ ከጎባ እስከ ሪራ ያለውን ሰዓት ይዤ መሮጥ እፈልጋለሁ። ስትራቫ (ሯጮች መስመራቸውንና ሰዓታቸውን የሚጋሩበት መተግበሪያ) ላይ ብናስቀምጠው ሌላውም ይከተላል፣ አገራችንም ትታወቃለች።

ሲስተር ከኮቺ

ፈጣን እግር፣ ወንድሜ፣ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እነሱ እዚያ ተወልደው፣ እዚያ ውኃ ቀድተው፣ ትምህርት ቤት ተመላልሰው ነው ያደጉት። አንተና እኔ ጅማ ነን። በባሌ ኦሮሞዎችና በሰሜን ተራሮች አማሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሰውነታቸው ለከፍታ የተለየ መላመድ እንዳለው ያሳያሉ፤ ያ መላመድ ግን እዚያ ለብዙ ትውልድ የኖሩት ሰዎች ነው፣ በመታወቂያ ካርድ የሚመጣ አይደለም። አቅምህን አልጠራጠርም። ሁለት ሦስት ቀን ለሰውነትህ ስጠው ነው የምለው።

ፍጥነትህን በሰዓት አትለካው። እየሮጥክ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው፤ ተራመድ። ጅሬን ላይ በሩጫ የምትወጣውን ዳገት እዚያ በእርምጃ ትወጣዋለህ፣ ይህ ለማንም ነውር አይደለም።

ባዮሎጂ ተመራቂ

ስለ ቀይ ቀበሮው ማንም እስካሁን በቅጡ አልተናገረም፤ ለእኔ ግን የዚህ ክር ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ሌላ አገር የለም፤ ኢትዮጵያ ብቻ፣ ያውም ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ። የሚኖረው በቡድን ነው፤ ማለዳና ማታ ተሰባስበው የግዛታቸውን ወሰን ይዞራሉ፣ ያድናሉ ግን ለየብቻ። ቀበሮው ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ተለጥፎ፣ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ባሌ ውስጥ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈልና ሌሎች አይጦችን ነው። ፍልፈሉ የመሬት ንዝረት ይሰማዋል፤ በዚያ በኩል አሥር ሰው እየሮጠ ቢያልፍ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቀበሮውም የጠበቀበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። እንስሳውን ማባረር ማለት እሱ ሲሮጥ ማየት ብቻ አይደለም።

በነገራችን ላይ ያ ፍልፈል ታሪክ ያለው ነው። ፊንጫ ሀበራ በሚባል የባሌ ዋሻ ውስጥ የተገኘ ቅሪት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እዚያ ከፍታ ላይ ይኖሩና ይህንኑ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር አሳይቷል፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የወጣው። እኛ ሁለት ሰዓት ለመሮጥ ስንጨነቅ እነሱ መኖሪያቸው አድርገውት ነበር ማለት ነው።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። የመውለጃ ጊዜያቸው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እናንተ የምትሄዱበት ወር ቡችሎች ጉድጓድ ውስጥ ወይም ደጃፉ ላይ ያሉበት ነው። በአንድ ቡድን የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እናት ናት፤ ሌሎቹ ይጠብቃሉ፣ ምግብ ያመጣሉ። ሰው ደጋግሞ ሲጠጋቸው ቡችሎቹን በአፋቸው ይዘው ቦታ ይቀይራሉ፤ በዚያ ውርጭ ለቡችላ ይህ ቀላል መከራ አይደለም። ስለዚህ ከመንገዱ አትውጡ። ቀበሮ ካያችሁ ሩጫውን አቁማችሁ ቁሙ፣ ድምፅ ቀንሱ፣ አልፎ እስኪሄድ ጠብቁ። ፎቶ ለማንሳት አትጠጉ።

ከመንገድ መውጣት ለእግራችሁም አይበጅም። ሜዳ የሚመስለው ሣር ሥሩ በፍልፈል ጉድጓድ የተቦረቦረ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እዚያ ነው። ዕፅዋቱም ሌሊት በረዶ በሚሠራ፣ ቀን በሚቀልጥ መሬት ላይ ስለሚያድግ ዕድገቱ አዝጋሚ ነው። አንድ ሰው የረገጠው ይነሳል፤ ሃምሳ ሰው ከረገጠው ግን አዲስ መንገድ ይሆናል፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይገባበታል።

ስትራቫን በሚመለከት ፈጣን እግር በቅንነት እንዳነሳው አውቃለሁ። የሐሳቡ ጉዳት ግን እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ሰው አቋራጭ ከሮጠ መስመሩ ካርታ ላይ ይቀራል፣ ቀጣዩ ያንን ይከተላል፣ ሦስተኛው ሰዓቱን ለመስበር ይመጣል። መሮጥ ካለብን በመኪናው መንገድ እንሩጥ።

ፈጣን እግር

እሺ፣ ከመንገድ አለመውጣቱን ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በዚያው መንገድ አይሱዙ ጭነት ይዞ ያልፋል፣ ከብት ይነዳል፣ ሰው እንጨት ተሸክሞ ይሄዳል። ሯጭ ከእነዚህ ሁሉ የባሰ ነው?

ባዮሎጂ ተመራቂ

የባሰ አይደለም፤ ጥያቄህ ተገቢ ነው። የከብቱና የሰፈራው ጫና ከእኛ ሩጫ እጅግ ይበልጣል፣ መኪናም በዚያ መንገድ ላይ ቀበሮ ገጭቶ ገድሏል። ግን ያ ሰው እንጨት የሚሸከመው ልጆቹን ለማብላት ነው። እኛ የምንሄደው ለደስታችን ነው። ለደስታ የሚሄድ ሰው ከማንም ቀድሞ ራሱን መግታት አለበት ብዬ አምናለሁ። ሾፌራችሁም አምባው ላይ በዝግታ ይንዳ፤ ምናልባት ከሩጫችሁ ሁሉ በላይ ለቀበሮው የሚጠቅመው ይኼ ነው።

ሂርማታ ተወልጄ (ከዙሪክ)

ጅማ ሂርማታ ነው ያደግሁት፣ አሁን ስዊዘርላንድ እኖራለሁ፣ የተራራ ሩጫም እወዳለሁ። እዚህ ያለውን አሠራር ልንገራችሁ። የስዊስ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው፤ ስፋቱ 170 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው። ከተፈቀደው መንገድ አንድ እርምጃ መውጣት አይቻልም፣ ውሻ በማሰሪያ ታስሮም አይገባም፣ ብስክሌት የለም፣ አበባ አይቀጠፍም፣ ድንኳን ተክሎ ማደር የለም። መጀመሪያ ስሰማ ጨካኝ ደንብ መስሎኝ ነበር። ግን እንስሳቱ ሰው የሚያልፍበትን መስመር ስለሚያውቁ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቁ ተረጋግተው ሲግጡ ታያላችሁ። ሰው ሁልጊዜ በአንድ መስመር ካለፈ እንስሳው የት መሸሸግ እንደሌለበት ያውቃል።

የባሌ ፓርክ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚህኛው ከአሥር እጥፍ በላይ። እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ስዊሶቹ ሰው የማይኖርበትን ሸለቆ ነው ያጠሩት፤ ባሌ ግን ሰው የሚኖርበት፣ ከብት የሚያረባበት ነው። ስለዚህ ያንኑ ደንብ ገልብጦ ማምጣት አይሆንም። እንግዳ ሆኖ የሚሄድ ሯጭ ግን በራሱ ላይ ቢያውለው የሚከለክለው የለም።

እህተ ሯጭ

ሴቶችም ስላለን ሁለት ነገር ልበል። ጎባ፣ ሮቤ፣ ሪራ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፤ እኛም ጅማዎች ስለሆንን ይህን አናጣውም። ከተማና መንደር ስናልፍ ከላይ ሰፋ ያለ ነገር ደርበን፣ አምባው ላይ ለሩጫ የሚመች ረጅም ሱሪ ለብሰን ብንሄድ ለብርዱም ለአክብሮቱም ይሆናል።

ሌላው የእረኞች ውሻ ነው። ውሻ ሲመጣ መሮጥ ያባብሰዋል። ቁሙ፣ ዓይኑን አፍጥጣችሁ አትዩት፣ ባለቤቱን ጥሩ። ማነው የሚያውቀው፣ ሲስተር፣ ቢነክስስ?

ሲስተር ከኮቺ

እህቴ፣ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ይህ ሕይወት ያድናል። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይጀመር። ውሻው ጤነኛ ይመስላል ብሎ መጠበቅ የለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው አይድንም።

ባዮሎጂ ተመራቂ

ይኸው በሽታ ነው ቀበሮውንም የጨረሰው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በባሌው ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል በእብድ ውሻ በሽታ አልቀዋል፤ በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባል የውሻ በሽታ መጣ። ከ2018 ጀምሮ ቀበሮዎቹን በምግብ ውስጥ በሚሰጥ ክትባት የመከላከል ሥራ ተጀምሯል፤ የአካባቢውን ውሾች መከተብ ደግሞ ከዚያ በፊትም የነበረ ሥራ ነው። ለእኛ ትርጉሙ ይህ ነው፦ የምግብ ትርፍራፊ አምባው ላይ አትጣሉ። ሙዝ ልጣጭም ቢሆን። ትርፍራፊ ውሻ ይጠራል፣ ውሻ በሽታ ያመጣል።

አዌቱ ማዶ

ምን ይዘን እንሂድ ለሚለው፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ማር። ባሌ ስትደርሱ ጭኮ ግዙ፤ ገብስና ቅቤ ስለሆነ ትንሽ ቆርሶ መብላት ረጅም መንገድ ያስኬዳል። የምንጭ ውኃ ከብት ስለሚጠጣው አፍልታችሁ ወይም በማጣሪያ አጣርታችሁ ጠጡ። ቡናውን ከዚህ ቋጥሩ። ለአስተናጋጆቻችሁ የጅማ ቡና ይዞ መሄድ ደግሞ ከሁሉ የሚያምር ነው።

የሮቤ ሰው

ቡናውን ደግፌያለሁ።

ሌላ ያላነሳችሁትን ላንሳ። ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ የሚባል ሜዳ አለ፤ የደጋ አጋዘን በብዛት የሚታይበት ነው። በደረሳችሁ ቀን ሲስተር አትሩጡ ስላለች፣ ያን ቀን በእርምጃ ጋይሳይን እዩ። ሰውነታችሁም ይለማመዳል። ከዚያ ጎባ ሁለት ሌሊት አድራችሁ ሳነቴ ውጡ። አምባው ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ አትጀምሩ፤ ውርጩ አይቀልጥም፣ መሬቱ ያዳልጣል፣ ቀበሮዎቹም ወሰናቸውን የሚዞሩበት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደመና ሊወርድ ይችላል፤ 8 ሰዓት ላይ ሩጫው አብቅቶ መኪና ውስጥ ብትሆኑ እመርጣለሁ።

ከጅማ በሶዶና በሻሸመኔ አድርጋችሁ በዶዶላ ብትመጡ አዲስ አበባ መግባት አያስፈልጋችሁም። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ በስልክ ጠይቁ።

የጅሬን ዳገት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ትናንት ማታ ተሰብስበን ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብበነዋል። የወሰንነውን ልጻፍ።

አምባውን ማቋረጥ ቀርቷል። መጀመሪያ ጋይሳይ በእርምጃ፣ ከዚያ ጎባ እያደርን አንድ ቀን አምባው ላይ በመኪናው መንገድ አጭር ሩጫ፣ በማግስቱ ሁሉም ደህና ከሆነ ብቻ ቱሉ ዲምቱ። ዳገቱን በእርምጃ፣ ሜዳውን በሩጫ። ከአራት በላይ ሆነን አንድ ላይ አንሮጥም። የሩጫውን መስመር ማንም ሕዝብ የሚያየው ቦታ ላይ አይለጥፍም። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር የተሰማው ሰው በዚያ ቀን አይወጣም፣ ከእሱም ጋር አንድ ሰው ይቀራል። ሐረናን በመኪና ወርደን እናየዋለን፣ ሪራ ምሳ በልተን እንመለሳለን።

እስከዚያው ለልምምድ ወደ በለጠ ደን ብንወጣ ብለናል፤ በሸቤ መስመር ስለሆነ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። እዚያም ከአካባቢው የደን ጠባቂ ማኅበር ፈቃድ እንጠይቃለን። ጉሬዛው ስር ጮክ ብሎ ማውራት የለም፣ ተመሳሳይ ደንብ ነው።

ፈጣን እግር

እኔም አለሁበት። ሰዓቴን ጅሬን ላይ እሰብራለሁ፣ ሳነቴ ላይ ግን ከእናንተ ጋር ነኝ። አንድ ጥያቄ፣ ስካውቱን በፈረስ ከወሰድን የፈረሱ ኪራይ ከማን ነው የሚወጣው?

የሮቤ ሰው

ከእናንተ ነው። የፈረሱ ባለቤት የአካባቢው ሰው ስለሆነ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል፤ አትከራከሩበት። ዲንሾ ስትገቡ ከአስጎብኚዎቹ ማኅበር ጋር አንድ ላይ ተነጋግራችሁ ጨርሱ።

የጅሬን ዳገት

ተስማምተናል። ለበለጠ ደን ልምምድ የምትመጡ ስማችሁን እዚሁ ጻፉ፤ ሚኒባሱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከፈረንጅ አራዳ ይነሳል። ጓንትና የነፋስ ጃኬት ያላችሁም አምጡ፣ በደኑ ቀዝቃዛ ቦታ እንሞክራቸዋለን።